በዓል የምታከብረው መኪና

በደብረ ታቦር ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወጣው ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ የሙሉሐብትን መኪና ያውቃት ነበር። ነጭ ናት ይባላል፤ ነጭነቷ የሚታየው ግን ዝናብ ካጠባት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ስትሆን ከፊት ሦስት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ እህል፣ በግ፣ ድንች፣ አንዳንዴም ሙሽራ ትጭናለች። ሙሉሐብት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ ሲወጣ በጨረታ የገዛት እሷን ነው። የቤቱ ጉሮሮ በእሷ ላይ ነበር። ልጁ ምሕረትአብ ባሕር ዳር ተከራይቶ የሚማረውም በእሷ ነበር።

ሙሉሐብት ሃያ ሁለት ዓመት የመንግሥት ሾፌር ሆኖ ኖሯል። ከጋይንት እስከ እስቴ ያለውን ጭቃ አንድ በአንድ ያውቀዋል። እሱ ፍሬን ሲረግጥ የተኛ ተሳፋሪ አይነቃም። ስለ ሞተር ግን የሚያውቀው ነገር ቢኖር ድምፁን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሾፌር የሞተር ኮፈን እንዳይከፍት ይከለክል ነበርና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናው ሲታመም ለጋራዡ አስረክቦ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር የሚጠብቀው። ጡረታ ሲወጣም ይኸው ልማዱ አብሮት ወጣ። የሚያስረክብለት ሰው ብቻ ተለወጠ፤ ካሳሁን ሆነ።

ካሳሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ከዚያ በላይ ግን የሙሉሐብት አበልጅ ነው፤ የምሕረትአብን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በእኛ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ለወንድምህ የማትነግረውን ለአበልጅህ ትነግራለህ፤ እሱም እንደ ንስሐ አባት በሆዱ ይይዝልሃል። መኪናዋ ለጨረታ ስትወጣ ሞተሯን አስነስቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ «ግዛት፣ ልቧ ደህና ነው» ያለው ካሳሁን ነበር።

ጨረታው በሚከፈትበት ዕለት ጠዋት ሙሉሐብት ስለት ተሳለ። የትውልድ ቀበሌው ከጋፋት ወዲያ ነው፤ እዚያ ያለው ሚካኤል ጣራው ሣር ነበር። «መኪናዋን ካወጣህልኝ ለጣራህ የሚሆነውን ቆርቆሮ ከከተማ በነጻ አመላልሳለሁ» አለ። ወጣችለት። ስለቱን ለሚስቱ ለእቴነሽ እንኳ አልነገራትም፤ የነገረው ለካሳሁን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ክረምቱ መንገዱን ቆረጠው። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች መኪናዋን በኮንትራት ያዟትና ስለቱ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ ሲባል ቀረ። ሙሉሐብት ረስቶት አልነበረም። ጋደም ሲል ትዝ ይለዋል፤ ሲነሳ ሥራ ይይዘዋል።

ችግሩ የጀመረው በሚሊኒየሙ ዋዜማ፣ በጳጉሜን ነው። በሩፋኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ተሳፋሪ ሊጭን ቁልፉን ቢያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ደህና አድርጎ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለች። በማግስቱ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳች። በመስቀል እምቢ አለች፣ በማግስቱ ተነሳች። በማርያም እምቢ አለች፣ በማግስቱ ተነሳች። ሦስተኛው ላይ ሰፈሩ ስም አወጣላት፤ «የሙሉሐብት መኪና በዓል ታከብራለች» ተባለ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እንዲህ ያለው ቀልድ ግን በእኛ ሰፈር ሦስት ሳምንት ከቆየ እምነት ይሆናል።

አንድ ጊዜ በተራ ማክሰኞ ቀን፣ ከአንድ ጎተራ ደጃፍ ካለ ዳገት ላይ አቁሟት ቆይቶ ቢመጣ እንዲሁ እምቢ አለችው። ይህ ነገሩን ሊያፈርሰው ይገባ ነበር። ነገር ግን በኛ ወር ውስጥ ቅዱስ የሌለው ቀን የት ይገኛል? ሙሉሐብት በጣቱ ቆጥሮ ለማክሰኞውም አንድ ጻድቅ አገኘለት።

ማንም ያላስተዋለው ነገር ይህ ነበር። ሙሉሐብት በአዘቦት ቀን ማታ መኪናዋን ከበሩ ውጭ፣ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ነው የሚያቆማት። በበዓል ዋዜማ ግን ለኪዳን የሚወጣው ምእመን ገና ሳይነጋ መንገዱን ስለሚሞላው ወደ ግቢው ያስገባታል። የግቢው መሬት ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ በበዓል ዋዜማ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ታድራለች። በበዓሉ ማታ ደግሞ ተገፍታ ትወጣና እንደ ልማዷ ቁልቁል ትቆማለች።

እውነቱን ለመናገር ካሳሁን መጀመሪያ ላይ በቅንነት ነው የደከመው። የባትሪውን ጫፎች ፈትቶ በሙቅ ውኃ አጠበ። ሞተሪኖውን አውርዶ ካርቦኑን ቀየረ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ሁለቱን ጣላቸው። የናፍጣ ማጣሪያውንም በአዲስ ተካ። በእያንዳንዱ ጥገና ማግስት መኪናዋ እንደ ልጅ ትታዘዛለች፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ ታምፃለች። ካሳሁን ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራበት ሙያ በአንዲት አሮጊት መኪና ፊት ሲያፍርበት ከነከነው።

በጥቅምት አቡነ አረጋዊ ዕለት እንደገና ተጠራ። ሙሉሐብትን ቁልፉን እንዲያዞር አድርጎ እሱ ከኋላ ሄዶ የጭስ ማውጫውን ተመለከተ። ሞተሩ እየተሽከረከረ አንዲት ክር ጭስ አልወጣም። ናፍጣ ቢደርሰው ኖሮ ባይነሣ እንኳ ነጭ ጭስ ይተፋ ነበር። ቆም አለና መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት።

«አበልጄ፣ ማታ ስታቆማት እንዲህ ወደ ላይ አዙረህ ነው?» አለው።

«አዎ፤ ለበዓል ጊዜ እንዲህ ነው የማስገባት» አለ ሙሉሐብት።

ካሳሁን ከሥር ገባና ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሙሉሐብት «ምን አገኘህ?» ቢለው «ምንም» አለው። ያቺ «ምንም» የመጀመሪያዋ ውሸት ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጥቅምት መድኃኔዓለም ሆነ። መኪናዋ እምቢ አለች፤ ካሳሁን መጣ። ይህን ጊዜ ግን መፍቻውን ከቦርሳው አላወጣም። ሙሉሐብትን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«አንድ ነገር ልናገር፤ እንዳትቀየመኝ። ያቺን ነገር አድርሰሃታል?»

«የቷን ነገር?»

«የሚካኤልን።»

ሙሉሐብት ዓይኑን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰ።

«የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለ ካሳሁን። «የዚች መኪና በሽታ ከሞተሯ አይመስለኝም። ሂድና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳልመህ፣ አደርሳለሁ ብለህ ተማጽነህ ና። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

የቤተ ክርስቲያኑ በር ከግቢው ይታያል። ሙሉሐብት ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ፤ በሩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ከድንጋዩ አደረገ። ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠና እያማተበ ቁልፉን ቢያዞረው በመጀመሪያው ተነሳች። መንገድ ላይ የነበሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ሙሉሐብት መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ካሳሁን ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እሱም አማተበ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። በዓል በመጣ ቁጥር መኪናዋ እምቢ ትላለች፣ ካሳሁን ይጠራል፣ ሙሉሐብት ሄዶ ይሳለማል፣ ሲመለስ ትነሳለች። እስከ ጥር ድረስ ስምንት ጊዜ ተንበረከከ። ሰፈሩ ሙሉሐብትን በአዲስ ዓይን ያየው ጀመር፤ አንዳንዱ ያከብረዋል፣ አንዳንዱ ምን ቢበድል ነው ይላል። እቴነሽ ብቻ አልተዋጠላትም።

«ታቦት ሞተር ያጠፋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለችው። «ሚካኤል አንተን መቅጣት ቢፈልግ ባትሪ ሲቀየር ይጠብቃል?»

«ስለት በልቻለሁ፤ አንቺ አታውቂውም» አላት፤ ነገሩንም ያን ዕለት ነገራት። እቴነሽ «እንግዲያው አድርሰው፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። ክርክሩንም በዚህ ዘጋችው።

በጥር መንገዱ ሲደርቅ ስለቱን አደረሰ። የውኃ ቆፋሪዎቹን ኮንትራት አስቀርቶ ሦስት ቀን ሙሉ ቆርቆሮ አመላለሰ። ካህናቱ መረቁት፣ ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ መኪናዋም ሦስቱን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገረችውም። ወደ ከተማ ሲመለስ ከፊቱ ላይ የሆነ ጨለማ የተገፈፈ መስሎት ነበር። ለእቴነሽም «አበቃ» አላት።

አላበቃም። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ቁልፉን አዞረ፤ እምቢ አለች።

ያን ቀን ሙሉሐብት የሆነውን መሆን ለጠላትም አልመኝም። ስለት መብላት አንድ ነገር ነው፤ ይከፈላል። የከፈሉት ስለት ሲመለስስ? ካሳሁን በዝግታ መጣና ራሱን ነቀነቀ። «ዘገየህ አበልጄ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ስለት ተቀባይነት ማግኘቱን እኔ እንጃ» አለው። ቆየት ብሎም «ከእጅህ ብታወጣት ይሻልህ ይሆናል» አለ። የዋህነቱ እስካሁን ያናድደኛል፤ ሙሉሐብት ለምክሩ አመሰገነው።

ገዢውንም ያመጣው ካሳሁን ነው። የእህቱ ባል አለሙ ከይፋግ መጥቶ መኪናዋን ወሰዳት። በዓል የምታከብር መኪና ማን በደህና ዋጋ ይገዛል? በከተማው የሌላት ስም አልነበረም፤ በርካሽ ሄደች። ገንዘቡ ለጥቂት ወር ቀለብ ሆኖ አለቀ። ሙሉሐብት በአንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ምሕረትአብ ትምህርቱን አቋርጦ ባሕር ዳር ከአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ገባ። ሙሉሐብት ለንስሐ አባቱ ለቄስ ወልደጊዮርጊስ ሁሉን ተናዞ ቀኖና ተቀበለ፤ ሲሰግድም ከረመ። ከሁሉ የከበደበት ግን ድህነቱ አልነበረም። አምላኩ ፊቱን ያዞረበት ሰው እንደሆነ አምኖ ነው ያን በጋ የኖረው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ መቆም ጀመረ።

የሰኔ ሚካኤል ሐሙስ ቀን ዋለ። ሙሉሐብት የመጋዘኑ ጌታ ልኮት የጤፍ ዋጋ ሊጠይቅ ሐሙሲት ወርዶ ነበር። ከገበያው ዳር፣ ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት መኪናዋን አያት። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ከዳገት ላይ ቆማለች። እንደ ተፋታት ሚስት በሩቁ ቆሞ ያያት ጀመር። አለሙ ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ገባና ቁልፉን አዞረ፤ በመጀመሪያው ተነሳች።

አለሙ አይቶት ወረደና አቅፎ ሳመው። ሙሉሐብት ከሰላምታው በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዛሬ ሚካኤል ነው። አላስቸገረችህም?»

«ምን ታስቸግረኛለች ጋሼ! ጋሼ ካሳሁን ያቺን ቱቦ ከቀየረላት ወዲህ አንድ ቀን አላመፀችም።»

«የቷን ቱቦ?»

አለሙ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እንደ አስተማሪ ያስረዳው ጀመር። «ይቺውልዎ። ናፍጣ ከታንከሩ ወደ ማጣሪያው የምታመጣዋ ጎማ ናት። ተሰንጥቃ አየር ታስገባ ነበር። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ሲያሳድሯት ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለስና ሞተሩ ባዶውን ያድራል። ቁልቁል ከቆመች ምንም አትሆንም። ባዶዋን ካደረች ደግሞ ይቺን መጭመቅ ነው» ብሎ በማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የእጅ ፖምፓ በመዳፉ ተጫናት። «አሥር ጊዜ ያህል ከጨመቋት ናፍጣው ይመጣል፤ ወዲያው ትነሳለች። እርስዎ አያውቁትም እንዴ?»

«መቼ ነው የቀየረው?»

«በገዛኋት ማግስት። ቱቦዋንማ በጥቅምት ነው ከባሕር ዳር የገዛኋት፣ እሱ ልኮኝ። ለየትኛዋ መኪና እንደሆነች አልነገረኝም፤ መሳቢያው ውስጥ ነበር ያስቀመጣት።»

ሙሉሐብት እጁን ዘርግቶ ፖምፓዋን ተጫናት። ለስላሳ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ ሊጨምቃት ይችላል። እሱ ከድንጋዩ ላይ ግንባሩን አድርጎ «ይቅር በለኝ» በሚልበት ጊዜ ካሳሁን እዚህ ቆሞ ይህችን ሲጨምቅ ነበር። ስምንት ጊዜ። እየተንበረከከ እያየው።

ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ መጋዘኑ ጋ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ገባ። ካሳሁን የተፈታ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሙሉሐብትን ፊት ሲያይ ብድግ አለ።

«ቱቦዋን በጥቅምት አስመጣሃት?» አለው ሙሉሐብት።

«ማን ነገረህ?» አለ ካሳሁን። ከዚህ በላይ ማመን የለም። ቆየና ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀጠለ፤ «ያቺን መኪና የመረጥኳት እኔ ነኝ። በጨረታው ቀን ሞተሯን ያዳመጥኩት እኔ ነኝ። ገንዘብ አጥቼ ነው ለአንተ የተውኳት። አንተ ኮፈን መክፈት የማታውቅ ሰው ስትነዳት በየቀኑ እያየሁ…» አልጨረሰውም።

ሙሉሐብት ድምፁን አላነሳም። «ጠይቀኸኝ ቢሆን አብረን እንሠራባት ነበር። ሰርቀኸኝም ቢሆን ሌባ ነው ብዬ እተው ነበር። አንተ ግን የነገርኩህን ስለት ነው ያዞርክብኝ። ልጄን ክርስትና ስታነሳ በእጅህ ይዘህ የገባህበትን በር ነው ያሳየኸኝ።» ይህን ብሎ ወጥቶ ሄደ።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ካሳሁን ፊት አጣ፤ ሰው መኪናውን ከጋራዡ ያወጣ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ ላከ። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከጽድ ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፤ ቄስ ወልደጊዮርጊስና ሁለት ሽማግሌዎች በመካከል፣ ሙሉሐብት ከሚስቱ ጋር በአንድ ወገን። ካሳሁን እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና ተደፋ። መኪናዋን ከአለሙ መልሶ ሊያመጣለት እንደ ተስማማም ሽማግሌዎቹ ተናገሩ።

«ምን ትላለህ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ይቅር እላለሁ አባ፤ አልልም አላልኩም» አለ ሙሉሐብት። «መኪናዋም ብትመጣ ጥሩ፣ ባትመጣም ጥሩ። አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቀው ይፍቀዱልኝ።» ቄሱ ፈቀዱለት። ሙሉሐብት ወደ ተደፋው ሰው ዞረ። «ስምንት ጊዜ ልከኸኛል። ከስምንቱ አንድ ጊዜ እንኳ እጅህ ሳይነካት የተነሳችበት ቀን አለ?»

ሽማግሌዎቹ የሚያነብቡት ፊት አጡ፤ ፊቱ መሬት ላይ ነው።

«አለ» አለ ካሳሁን ከተደፋበት። «በኅዳር ሚካኤል። አንተ እንደ ሄድክ ከበሩ ሰው ጠራኝና ወጣሁ። ስመለስ ገብተህ ቁልፉን አዙረሃል። ኮፈኑን አልከፈትኩትም። ሳልነካት ተነሳች።»

አንደኛው ሽማግሌ አማተበ። ቄስ ወልደጊዮርጊስ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ። ሙሉሐብት ጎንበስ ብሎ ካሳሁንን ቀና አደረገውና ፊቱን አየው፤ ደህና አድርጎ፣ ቆይቶ አየው። ፊቱ እውነት የሚናገር ሰው ፊት ይመስል ነበር። በጥቅምት መድኃኔዓለም ክንዱን ይዞ «ተሳልመህ ና» ያለው ቀንም እንዲሁ ነበር የሚመስለው።

ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ተበተኑ። ወደ ቤታቸው ቁልቁል ሲወርዱ እቴነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ ሄደች።

«የኅዳሩን አመንከው?» አለችው።

«ከእሱ ሌላ ምስክር የለኝም» አላት።